በሌሊት ስልክ ሲደወል የትኛው ካርድ ያደርሳል?

የአባቴ ታላቅ እህት ማረፋቸውን የሰማነው በስልክ ነው፤ አዲስ አበባ ነግቷል፣ እኛ ዘንድ ቨርጂኒያ ግን ገና ሌሊት ነበር። ታላቅ ወንድሜን ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው በመሆናቸው «ማን ይሂድ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ቀብሩ በዚያው ቀን እንደሚፈጸምና እንደማይደርስበት ያውቃል፤ ቢያንስ ድንኳኑ ሳይነሣ ለሣልስት ከዘመድ ጋር መቀመጥ ፈለገ። በማግስቱ የሚነሣውን በረራ ዋጋ ስንመለከት ከለመድነው እጥፍ ሆኖ አገኘነው። በዚህ ጊዜ ወንድሜ ስልኩን ከፍቶ በሂልተን ያጠራቀመውን ነጥብ አሳየኝ፤ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ነበር። «ይህ ሁሉ ተደምሮ አንድ የአውሮፕላን ወንበር አያመጣም?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው የሐዘንተኛ ጥያቄ ነበርና በዚያ ሰዓት የሒሳብ ትንታኔ አይጠብቅም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ልረሳው አልቻልኩም። አርባው ካለፈ በኋላ ለሆቴልና ለጉዞ ወጪዬ የሚሆን የሽልማት ክሬዲት ካርድ ለመምረጥ ስቀመጥ፣ በየባንኩ ገጽ ላይ የተደረደሩትን ቁጥሮች ሁሉ የመዘንኳቸው በዚሁ ጥያቄ ነው።

ሁለት መቶ ሺህ ነጥብና አንድ ወንበር

ወንድሜ ካርዱን የያዘው አስቦበት ነው። ሥራው ከከተማ ከተማ እየዞረ የሕክምና መሣሪያዎችን መጠገን ስለሆነ ከቤቱ ይልቅ ሆቴል የሚያድርበት ወር አለ። የሂልተን ሰርፓስ ካርድ ደግሞ በዓመት 150 ዶላር እያስከፈለ፣ በሂልተን ሆቴሎች ለሚወጣ እያንዳንዱ ዶላር 12 ነጥብ ይሰጣል፤ የጎልድ አባልነትም አብሮት ይመጣል። የአዳሩን ዋጋ አሠሪው ይመልስለታል፣ ነጥቡ ግን ለእሱ ይቀራል። ለእንዲህ ያለ ሰው ከዚህ የተሻለ ካርድ ፈልግ ብባል እኔም አላገኝም።

ሆኖም የሆቴል ነጥብ ከሆቴል ደጃፍ ሲወጣ ይረክሳል። የሂልተን ነጥብ ወደ አየር መንገድ ማይል ሲቀየር በአብዛኛው አሥር ለአንድ ነው፤ ስለዚህ ያ ሁለት መቶ ሺህ ነጥብ ወደ ሃያ ሺህ ማይል ይወርዳል፤ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ለመሄጃ ብቻ እንኳ የማይበቃ መጠን ነው። የማሪዮት ነጥብ ትንሽ ይሻላል፤ ሦስቱ ነጥብ አንድ ማይል ይሆናል፣ 60 ሺህ በአንድ ጊዜ ላዛወረም በአብዛኞቹ አየር መንገዶች 5 ሺህ ማይል ይመረቅለታል። ያም ሆኖ ዝውውሩ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ለሣልስት አይደርስም። የሂልተን አንዱን ነጥብ በግማሽ ሳንቲም ብገምተው የወንድሜ ሀብት በአዳር ሲሰላ አንድ ሺህ ዶላር ያወጣ ነበር። በዚያ ሌሊት አንድ ሺህ ዶላር ያህል ሀብት በእጁ ይዞ ሊያንቀሳቅሰው አልቻለም።

ይህን ስንነጋገር ባለቤቱ ሻይ ይዛ ከጓዳ ወጣችና «እኔ ዘንድ የባንኩ ነጥብ አለ» አለች። ካርዷን ለአስቤዛ፣ ለነዳጅና ለልጆቹ ማቆያ ስትከፍልበት እናያለን እንጂ ስለ ነጥብ ስታወራ ሰምተናት አናውቅም። ያላት ከባሏ ግማሽ አይሞላም። ነገር ግን የቼዝ ባንክ ነጥብ በመሆኑ ወደ ዩናይትድ፣ ወደ ኤር ካናዳው የኤሮፕላን ፕሮግራም፣ ወይም ወደ ሃያት ሆቴሎች አንድ ለአንድ መዛወር ይችላል። ወደ ኤሮፕላን ያዛወረችው ነጥብ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ገባላት። ከራሷ ሒሳብ በባሏ ስም የመሄጃ ቲኬት ቆረጠች፤ በቀጥታው በረራ ላይ ለነጥብ የተለቀቀ ወንበር ባይኖርም በፍራንክፈርት በኩል አንድ ተገኘ። ከኪስ የወጣው የአየር ማረፊያ ግብርና ጥቂት የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ነው። (ለነገሩ በዚያ ሌሊት ከካርድ ሁሉ ቀድሞ የተፈለገው ቢጫ ካርዱ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው ነበር። ጊዜው ስላላለፈበት ቪዛ ፍለጋ አልገባንም።)

ስለዚህች አጭር ጊዜ ደጋግሜ አስቤአለሁ። የባልና የሚስቱን ነጥብ የለየው ብዛቱ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ብዛቱማ ከእሱ ጋር ነበር። የእሱ ነጥብ ገና ሲገኝ አዳር እንዲሆን ተፈርዶበታል። የእሷ ግን ምን እንደሚሆን ገና አልተወሰነም፤ ወንበርም፣ አዳርም፣ ካስፈለገም ጥሬ ገንዘብ መሆን ይችላል። ውሳኔውን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ማቆየት መቻሏ ነው ያደረሰው። ካርድ የሚያነጻጽሩ ጽሑፎች አንድ ነጥብ ስንት ሳንቲም እንደሚያወጣ አበጥረው ይነግሩናል፤ ሳይወሰን መቆየቱ ግን ዋጋ ወጥቶለት አላየሁም፤ ለእኔ ዋናው ሚዛን እሱ ሆነ።

እንዲህ የምለው ስለ ጉዟችን ጠባይ ሳስብ ነው። የካርድ ማስታወቂያዎች የሚያሳዩት መንገደኛ ከባሕር ዳርቻ ወንበር ላይ ተጋድሞ የሚስቅ፣ ዕረፍቱን ከወራት በፊት ያቀደ፣ ዋጋው ከተወደደበትም ሳምንቱን የሚቀይር ሰው ነው። እኛ በአብዛኛው የምንሄደው ተጠርተን ነው፤ ለለቅሶ፣ የታመመ ወላጅ ለመጠየቅ፣ ለሰርግ፣ ለክርስትና። ቀኑን የምንመርጠው እኛ አይደለንም። በዓል እንኳ ስናከብር የምንሄደው ሁሉም በሚሄድበት የገና፣ የጥምቀት ወይም የክረምት ሰሞን ነውና ርካሹ ወንበር አስቀድሞ ያልቃል።

«ቤት እያለሽ ሆቴል?»

ለእኔ የሆቴል ካርድ ይረባ እንደሆነ ለማወቅ የት እንደማድር መቁጠር ነበረብኝ። አዲስ አበባ ላይ ለነጥብ የሚመቹ ሆቴሎች ሞልተዋል። ሂልተን እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ አለ፤ በማሪዮት ፕሮግራም የሚታቀፈው ሸራተን በ1998፣ ከመስቀል አደባባይ ፊት ለፊት ያለው ሃያት ሪጀንሲ ደግሞ በ2019 ተከፍተዋል። ነጥብ ለያዘ ሰው የሚያጓጓ ምርጫ ነው። አንድ ጊዜ እናቴን በስልክ «ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆቴል አርፌ እንቅልፌን ላስተካክልና እመጣለሁ» ብላት ለአፍታ ዝም አለች። ከዚያም «ቤት እያለሽ ሆቴል? ለመሆኑ ጎረቤቱ ምን ይለኛል? ልጇ ሸሸቻት እንዲል ነው?» አለችኝ። ነፃ አዳር መሆኑን ማስረዳት ነገሩን ከማባባስ በቀር የሚያመጣው ነገር አልነበረም። በዚያው ቀረ።

ቤተሰቡን ይዘን ከከተማ ስንወጣም የምናርፈው ቢሾፍቱ ኩሪፍቱ ወይም ሐዋሳ ኃይሌ ሪዞርት ነው፤ ሁለቱም በአሜሪካ ባንኮች የነጥብ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ስለዚህ በዓመቱ ትልቁ ጉዞዬ ላይ የሆቴል ነጥብ ማውጫ ቦታ የለውም ማለት ነው። የምግብ ቤት ወጪ የሚሰጠው ተጨማሪ ነጥብም ቢሆን እዚያ ብዙ አይሠራም፤ ትልልቅ ሆቴሎችና አንዳንድ የቦሌ ምግብ ቤቶች የውጭ ካርድ ይቀበላሉ እንጂ የቀረው የሚከፈለው በቴሌብር ወይም በጥሬ ብር ነው። ካርድ በሚያስኬድበት ቦታም ሁለት ነገር ልብ ማለት ይበጃል፦ የውጭ ግብይት ክፍያ የሚያስከፍል ካርድ እስከ 3 በመቶ ይወስዳል፤ የክፍያ ማሽኑ «በዶላር ወይስ በብር?» ብሎ ከጠየቀ ደግሞ ብርን መምረጥ ያዋጣል፤ ምንዛሪውን ማሽኑ ሲያሰላው ብዙውን ጊዜ ለራሱ ጨምሮበት ነውና።

እኛ ሆቴል የምናድረው እዚሁ አሜሪካ ውስጥ ነው። የዳላስ ሰርግ፣ የሚኒያፖሊስ ምረቃ፣ የሲያትል ለቅሶ አለ፤ ከሁሉም በላይ በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን ከተማ እየቀያየረ የሚያዘጋጀው የእግር ኳስ ውድድርና ፌስቲቫል አለ። በዚያ ሳምንት ከስታዲየሙ አጠገብ ያለ ተራ ሆቴል ሳይቀር ዋጋው ይሰቀላል፤ ነጥብ ያለው ሰውም «አሁን ነው ጊዜው» ይላል። ችግሩ ሂልተን በ2017፣ ማሪዮት ደግሞ በ2022 ቋሚውን የነጥብ ሰንጠረዥ መተዋቸው ነው፤ የገንዘቡ ዋጋ ሲንር የነጥቡም አብሮ ይንራል። ሃያት ግን ሆቴሎቹን በደረጃ ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ደረጃ የነጥብ ዋጋ በሰንጠረዥ ስለሚያወጣ፣ በዓሉ ምንም ቢደምቅ ነጥቡ ከሰንጠረዡ ጣሪያ አያልፍም። ሆቴሎቹ ከሌሎቹ በቁጥር ያነሱ ናቸው፤ በዚህ ረገድ ቅሬታ አለኝ። ሰርጉ ላስ ቬጋስ ከሆነ ደግሞ ሌላ ልዩነት ይመጣል፦ ሂልተንና ሃያት በነጥብ ብቻ ለተያዘ አዳር የሪዞርት ክፍያ የሚባለውን ከክፍሉ ዋጋ በላይ የሚጠየቅ ጭማሪ አያስከፍሉም፣ ማሪዮት ግን ያስከፍላል።

የማሪዮት ባውንድለስ ካርድ 95 ዶላር አስከፍሎ በየዓመቱ እስከ 35 ሺህ ነጥብ የሚያወጣ የአንድ ሌሊት ማደሪያ ይሰጣል። በወረቀት ላይ ሲያዩት ሊከራከሩት አይቻልም፤ 95 ከፍሎ 180 ዶላር የሚያወጣ አልጋ ማግኘት ነው። እኔ የጠየቅኩት ግን ያ አልጋ ባይኖር ኖሮ በራሴ ገንዘብ እተኛበት ነበር ወይ የሚለውን ነው። ለሰርግ ስሄድ የሙሽራዋ ቤተሰብ ለእንግዶች ቀድሞ የያዘው ሆቴል አለ፤ ከዘመድ ተለይቼ ማዶ ካለው ማሪዮት ብገባ ሌሊቱን ሙሉ ጭፈራውና ወሬው ያመልጠኛል። ማደሪያው ደግሞ በዓመቱ ያልቃል። ጊዜው እንዳያልፍበት ተብሎ የሚደረግ ጉዞ ነፃ አይደለም፤ ነዳጅና ቁርስ ይኖረዋል።

ቲኬቱ የሚቆረጥበት ቢሮ

የሆቴሉን ጉዳይ እንዲህ ካየሁት በኋላ ወደ በረራው ዞርኩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 ማብቂያ ጀምሮ ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ስለሆነ የዩናይትድ ወይም የኤሮፕላን ማይል ያለው ሰው በራሱ በኢትዮጵያ አውሮፕላን ላይ ወንበር መጠየቅ ይችላል። የአየር መንገዱ የራሱ ፕሮግራም የሆነው ሼባማይልስ ግን ከቼዝም፣ ከአሜሪካን ኤክስፕረስም፣ ከካፒታል ዋንም ነጥብ አይቀበልም፤ እዚያ ማይል በዋናነት የሚገባው ስንበር ነው። ብዙ ሰው ታዲያ «የዩናይትድን ካርድ ልያዝ» ይላል። እኔም አሰብኩት። የካርዱ ዋና ጥቅም የሆነው ነፃ ሻንጣ ግን የሚሠራው ዩናይትድ ራሱ በሚያበርረው በረራ ላይ ብቻ ነው። ከዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ በኢትዮጵያ ሲሄዱ ሦስተኛ ሻንጣ የሚያስገኘው የስታር አሊያንስ የጎልድ ደረጃ ነው፤ እሱ ደግሞ ካርድ በመያዝ ብቻ አይገኝም። ሻንጣ ለእኛ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የትኛውም የካርድ ማነጻጸሪያ አልነገረኝም። እኛ ቲኬት የምንቆርጠው ብዙውን ጊዜ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ካለ የሐበሻ የጉዞ ወኪል ነው። ባለቤቱን እናውቀዋለን፤ የመመለሻ ቀን ሲቀየር በአማርኛ ደውለን እንለምነዋለን። በዚህ ጊዜ ክፍያው በባንኩ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው «የጉዞ ወኪል» ተብሎ እንጂ «አየር መንገድ» ተብሎ አይደለም። ስለዚህ ከአየር መንገዱ በቀጥታ ለተገዛ ቲኬት አምስት እጥፍ ነጥብ እሰጣለሁ የሚለው የአሜሪካን ኤክስፕረስ ፕላቲነም ለዚህ ቲኬት አንድ እጥፍ ብቻ ያስባል። የቼዙ ሳፋየር ፕሪፈርድ ግን ማንኛውንም የጉዞ ወጪ፣ የወኪሉንም ጨምሮ፣ በሁለት እጥፍ ይቆጥራል።

ወኪሉም ካርድ ሲያይ 3 በመቶ ሊጨምር ይችላል። 1,600 ዶላር ለሆነ ቲኬት ይህ 48 ዶላር ነው። በሁለት እጥፍ የማገኘው 3,200 ነጥብ ይሆናል፤ 48 ዶላር እንዲተካልኝ እያንዳንዱን ነጥብ በአንድ ሳንቲም ተኩል ማውጣት አለብኝ። ከተሳካልኝ እኩል ወጣሁ፣ በጥሬ ገንዘብ ብቀይረው ግን ከሰርኩ። ለዚህ ነው ነጥብ ብቻ ብዬ በወኪል ዘንድ ካርድ የማላወጣው። ካርዱ የሻንጣ መዘግየትና የጉዞ መቋረጥ መድን ስላለው፣ እናቴን ጠይቄ ልመለስ ስል ነገር ሊፈጠር ይችላል ብዬ በምሰጋበት ጊዜ 48 ዶላሩን የመድን ዋጋ አድርጌ እከፍለዋለሁ፤ በሌላው ጊዜ ቼክ እጽፋለሁ።

እንጀራና ቅመም የምገዛበት መደብርም እንዲሁ ነው። ፊት ለፊቱ ሸቀጥ፣ ጓሮው ክትፎ ቤት ነው፤ የክፍያ ማሽኑ የተመዘገበው በየትኛው ዓይነት እንደሆነ የሚታወቀው የወሩ መግለጫ ሲመጣ ነው። «ምግብ ቤት» ከሆነ ሦስት እጥፍ፣ «ግሮሰሪ» ከሆነ አንድ። ከእኔ መደብሮች ሁለቱ ምግብ ቤት ሆነው ተገኙ፤ እንጀራዬ ሳላስበው ነጥብ ታመጣልኝ ጀመር።

ስለ ትልልቆቹ ካርዶች አጭር ልሁን። ፕላቲነም በ2025 ዓመታዊ ክፍያውን ወደ 895 ዶላር፣ የቼዙ ሳፋየር ሪዘርቭ ደግሞ በዚያው ዓመት ወደ 795 አድርሰውታል። ክፍያውን የሚመልሱት በየወሩና በየመንፈቁ በሚከፋፈል ቅናሽ ነው፤ ይህን ሆቴል በእኛ ገጽ ከያዝሽ፣ በዚህ ታክሲ ከሄድሽ፣ ከዚህ መደብር ከገዛሽ ይሉሻል። የካፒታል ዋን ቬንቸር ኤክስ በ395 ዶላር ከእነዚህ ይልቅ ይቀላል፤ 300ውን ዶላር ግን የሚመልሰው በራሱ ገጽ ለተገዛ ጉዞ ነው፤ የእኔ ወኪል እዚያ የለም። ደለስ ላይ በ2023 የከፈተው ማረፊያ ክፍል ያማረ ቢሆንም ለአዲስ አበባ በረራ ሦስት ሰዓት ቀድሜ ደርሼ ሻንጣ በማስመዘንና ከአንዱ ወደ ሌላው በማዛወር ስለማሳልፈው ቁጭ የምልበት ጊዜ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ በ95 ዶላሩ ሳፋየር ፕሪፈርድ ላይ ረጋሁ፤ የውጭ ግብይት ክፍያ የለበትም፣ ነጥቡ ወደ ዩናይትድም ወደ ኤሮፕላንም ወደ ሃያትም ይሄዳል። የመግቢያ ቦነሱ ለብዙ ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ 4 ሺህ ዶላር ላወጣ 60 ሺህ ነጥብ ነበር፤ መጠኑ ግን በየጊዜው ይለዋወጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ማመልከቻውን ያስገባሁት ቦነሱ በደመቀበት ሳምንት ሳይሆን የቤተሰቡ የክረምት ቲኬት ሊከፈል ሲቃረብ ነው፤ ወጪው እንደሁ የማይቀር ነበር። ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ቼዝ ባለፉት 24 ወራት አምስት ወይም ከዚያ በላይ ካርድ የከፈተን ሰው እንደማይቀበል በተጠቃሚዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ በየሱቁ ቅናሽ እየተባሉ የሚከፈቱት ካርዶችም ከቁጥሩ ይገባሉ። ለማይረባ ካርድ ያንን ቦታ መስጠት አልፈለግኩም።

ነጥቡ ከማን ኪስ ይወጣል?

አንድ ቀን ከዚያው እንጀራ ከምገዛበት መደብር ባለቤት ጋር ስለዚህ ጉዳይ ተጫወትን። ከመክፈያው ጠረጴዛ ላይ «ከ10 ዶላር በታች በካርድ አንቀበልም» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል፤ በ2010 የወጣው የፋይናንስ ማሻሻያ ሕግ ለክሬዲት ካርድ እስከዚህ መጠን ድረስ ዝቅተኛ ወለል ማስቀመጥ ይፈቅድላቸዋል። «አንቺ ነጥብ የምትይው እኔ በየወሩ የሚቆረጥብኝ ነው፤ ያ ባንክ ከራሱ ኪስ አውጥቶ የሚሰጥሽ ይመስልሻል?» አሉኝ እየሳቁ። ከሽያጩ የሚቆረጠው ሁለት ከመቶም ይሁን ሦስት፣ የሽልማቱ ምንጭ በትልቁ እሱ ነው። ሕጉ በትልልቅ ባንኮች ዴቢት ካርድ ለሚቆረጠው ጣሪያ አድርጓል፤ ዴቢት ካርድ በአብዛኛው ነጥብ የማይሰጠውም በዋናነት ስለዚሁ ነው። የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ባወጡት ጥናት፣ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ቤተሰብ በአማካይ በዓመት 149 ዶላር ለካርድ ተጠቃሚዎች እንደሚያሻግርና ካርድ የሚጠቀም ቤተሰብ 1,133 ዶላር እንደሚያገኝ ገምተዋል። ገና ትናንት በዲቪ መጥቶ የክሬዲት ታሪክ የሌለው ወገኔ ከኋላዬ ተሰልፎ በጥሬ ገንዘብ ሲከፍል፣ የእኔን ወንበር በከፊል እየገዛ ነው ማለት ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ በትንንሾቹ የሐበሻ መደብሮች በአብዛኛው በዴቢት ወይም በጥሬ ገንዘብ እከፍላለሁ፤ የእንጀራዬ ሦስት እጥፍም በዚሁ ቀረ። ወንድሜ «ይህ ጻድቅነት ነው፤ ዋጋው አይቀንስልሽ» ይለኛል፤ ዋጋው እንደማይቀንስ እኔም አውቃለሁ።

ሌላው ምንጭ ወለድ ነው። አማካይ የካርድ ወለድ ከ2023 ወዲህ ከ20 በመቶ በላይ ነው። ሦስት ሺህ ዶላር ዕዳ ዓመቱን ሙሉ በ21 በመቶ ያንከባለለ ሰው 630 ዶላር ይከፍላል፤ የ60 ሺህ ነጥብ ቦነስ በአንድ ሳንቲም ሒሳብ 600 ዶላር ነውና ቦነሱ ዓመቱ ሳያልቅ ተበልቷል። ለቦነስ ብሎ የማይገዛውን መግዛት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ነው። የመግቢያ ቦነስ መጀመሪያ ላይ እንደወጣ እቁብ ነው፤ ደስታው ቀድሞ ይመጣል፣ መክፈሉ ግን ሳይዛነፍ መቀጠል አለበት። በወሩ መጨረሻ ሙሉውን መክፈል የማይችል ሰው የጉዞ ካርድ ባይይዝ ይሻለዋል፤ ዝቅተኛ ወለድ ያለውን ይፈልግ።

ወደ አገር ቤት ገንዘብ መላክንም እዚህ ላይ ማንሣት ግድ ይላል። በየወሩ የምንልከው ገንዘብ ለብዙዎቻችን ከቤት ኪራይ ቀጥሎ ትልቁ ወጪ ነው፤ «ይህንን በካርድ ብልከው ነጥቡ ስንት በሆነ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ብዙ ባንኮች ግን ሐዋላን እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ይቆጥሩታል። ነጥብ የለውም፣ የራሱ ክፍያ አለው፣ ወለዱም ከዚያው ዕለት ይጀምራል። እኔ በቀጥታ ከባንክ ሒሳቤ እልካለሁ።

የወላጅ ቲኬት

አሁን ያለኝ ነጥብ ለእናቴ ነው። ልትጠይቀን እንድትመጣ የቪዛ ቀጠሮ ይዘንላታል፤ ቪዛው ይሰጣታል ወይ የሚለውን ማንም አያውቅም። በገንዘብ የሚቆረጠው ርካሽ ቲኬት የማይመለስ ነው፤ የሚመለሰው ደግሞ ውድ ነው። በዩናይትድ ማይል የተያዘ ወንበር ግን ከበረራው በፊት ከተሰረዘ ማይሉ ያለ ቅጣት ወደ ሒሳብ፣ የተከፈለው ግብርም ወደ ካርዱ ይመለሳል። ወንድሜና ባለቤቱም የጎደለውን ሊሞሉልኝ ተስማምተዋል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና አንድ የእናት ቲኬት አያቅተንም። ወንድሜ የሂልተን ካርዱን አልተወም፤ መተውም የለበትም፣ የእሱ ሥራ አልተቀየረምና። አስቤዛውን ግን አሁን የሚከፍለው በሚስቱ ካርድ ነው።

በባንኩ ያለውን ነጥብ እስካሁን ወደ ዩናይትድ አላዛወርኩትም። አንድ ጊዜ ከተሻገረ ወደ ባንኩ አይመለስም፣ እናቴ ልትመጣ በምትችልባቸው ሳምንታት በኢትዮጵያ በረራ ላይ የተለቀቀ ወንበር ደግሞ ገና አላየሁም። ምሽት ምሽት ልጆቹ ሲተኙ ገጹን ከፍቼ አያለሁ፤ የቪዛው ቀን ሲታወቅና ወንበሩ ሲታይ ዝውውሩ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው።